አንድ ኬክ ለሁለት ኢንተርቪው

ዕድላዊትና ዱርሲቱ ቡራዩ ከታ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ሁለቱም ይሠሩበት የነበረው የዕቃ አድራሽ ድርጅት፣ ሥራ አስኪያጁ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ባለ በሳምንቱ ተዘጋ። ቦሌ ያለ አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ፕሮዳክት ማናጀር እንደሚፈልግ ሲያዩ ሁለቱም አመለከቱ፣ ሁለቱም ለኢንተርቪው ተጠሩ። ቀኑ አንድ፣ ወንበሩም አንድ።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» ብለው ጠየቁ አከራያቸው ኦቦ ዋቆ።

«መተግበሪያው ምን መሥራት እንዳለበት የሚወስን ሰው ነው፣ ኦቦ» አለች ዱርሲቱ።

«ራሱ ይሠራዋል?»

«አይ፣ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው።»

«በቃ የዕድር ሊቀመንበር በሉኛ!» ብለው ወደ ላማቸው ሄዱ።

ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀው ዕውቀት ሳይሆን ገድል ነበር። ከባልደረባሽ ጋር የተጋጨሽበትን ጊዜ ንገሪን፣ ነገር የተበላሸበትን ጊዜ ንገሪን ይላሉ። መልሱ ደግሞ ሥርዓት አለው፦ ምን ሆነ፣ ያንቺ ኃላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ውጤት መጣ። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ ውጤቱ በቁጥር ካልተነገረ ዋጋ የለውም ስላለ፣ ዕድላዊት ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ «አርባ ከመቶ» ትጨምርበት ጀመር።

ችግሩ፣ ሁለቱም ያላቸው ደህና ታሪክ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እሱም የኬኩ ታሪክ ነው።

ባለፈው ጥር ሰበታ ለሚደረግ ሠርግ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ታዘዘ። የድርጅቱ መተግበሪያ በስም የሚመሳሰሉ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖችን አምታቶ ኬኩን ሱሉልታ ላከው። ሹፌሩ ሱልጣን እዚያ ሲደርስ ድንኳን የተተከለበት ግቢ ስላየ አልተጠራጠረም፤ ሰተት ብሎ ገባ። ድንኳኑ የለቅሶ ነበር። ኬኩ ላይ ደግሞ «እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ» ተብሎ ተጽፏል።

የዚያን ቀን ዱርሲቱ ሱሉልታ ድረስ ሄዳ ለቀስተኞቹን በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቀች። ዕድላዊት የሙሽራዋን እናት በስልክ እያባበለች ከዓለም ገና ሌላ ኬክ አፈላልጋ ለሠርጉ አደረሰች።

«ስለዚህ ኬኩ የኔ ነው» አለች ዕድላዊት ልምምድ ሲጀምሩ።

«እንዴት አባቱ ያንቺ ይሆናል? ለቅሶ ቤት የቆምኩት እኔ!»

«በስልክ የተሰደብኩትስ እኔ አይደለሁም?»

ጩኸታቸው ሲበረታ ኦቦ ዋቆ በሩን አንኳኩ። «ልጆች፣ ነጋ ዻ? ሰላም ነው? ማነው ኬክ የሰረቀው?»

«ለኢንተርቪው እየተዘጋጀን ነው፣ ኦቦ።»

«እንዲህ ከሆነ ሽማግሌ ይዛችሁ ግቡ» አሉ።

በመጨረሻ ዕጣ ተጣጣሉ። ኬኩ ለዕድላዊት ወጣ። ዱርሲቱ ከአንድ ፕሮግራመር ጋር በመተግበሪያው አዝራር ቀለም የተጣላችበትን ታሪክ ልትናገር ተስማማች።

በቀጠሮው ቀን ቀድማ የተጠራችው ዱርሲቱ ነበረች። ስትወጣ የዕድላዊትን ዓይን ሳታይ ውሃ ልትጠጣ ሄደች።

ዕድላዊት ገባች። ጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው፦ ስንዱ የምትባል ፈገግታ የማይጠፋት ሴትና ከላፕቶፑ ቀና የማይል ሰውዬ።

«ነገር ተበላሽቶብሽ ያስተካከልሽበትን ጊዜ ንገሪን» አለች ስንዱ።

«ባለፈው ጥር ሰበታ ለሚደረግ ሠርግ አንድ ኬክ...»

ሰውዬው ቀና አለ።

«ይቅርታ» አለች ስንዱ፣ «ኬኩ ሱሉልታ ነው የሄደው?»

«...አዎ።»

«ለቅሶ ቤት?»

ዕድላዊት ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። «ማን ነገራችሁ?»

«አሁን የወጣችው ልጅ። በእሷ ታሪክ የደንበኞች እርካታ የጨመረው በሃያ ከመቶ ነው።»

«የኔ አርባ ነው» አለች ዕድላዊት፤ ወዲያው መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች።

ስንዱ ሳቋን ለመዋጥ ታገለች። «እሺ፣ ወደ ሌላ ጥያቄ እንለፍ። ከሥራ ባልደረባሽ ጋር የተጋጨሽበትን ጊዜ ንገሪን።»

«ከዚህ እንደወጣሁ ብትጠይቁኝ ጥሩ ምሳሌ ይኖረኛል።»

ሰውዬው ላፕቶፑን ዘግቶ ሳቀ። ተነሥቶም ዱርሲቱን ጠራት።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን ቃል እየነጠቀች፣ ነገሩን እንደነበረ ተናገሩ። ከመቶ የሚባል ነገር አልነበረም። የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ እየደወለች ትሳደባለች።

«ለቅሶ ቤቱስ ምን አሉ?» አለ ሰውዬው።

ዱርሲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መጀመሪያ ወንዶቹ ሊደበድቡን ነበር» አለች። «ከዚያ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ኬኩ ላይ ያለውን አስነበበች። ሰምታም ሳቀች። ስንጋባ ኬክ አልነበረንም፤ በየዓመቱ እገዛልሻለሁ እያለ ሞተ፤ ይኸው ላከልኝ አለች። ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ቆረሰችው። እኔንም አጎረሰችኝ።»

ስንዱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይህን ነግረሽኝ አታውቂም» አለች ዕድላዊት።

«ውጤት ውስጥ አይገባማ» አለች ዱርሲቱ።

በሚኒባስ ሲመለሱ አሸዋ ሜዳ ሲደርሱ ዱርሲቱ፣ «የአዝራሩን ታሪክ ጀምሬው ነበር» አለች። «እኔን ራሴን እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ ወደ ኬኩ ዞርኩ።»

አርብ ዕለት ስልክ ተደወለ። ሥራው ለዱርሲቱ ሆነ። ዕድላዊት እንኳን ደስ አለሽ ብላ አቀፈቻት፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ለራሷ ብቻ ሽሮ እየሠራች በላች። ዱርሲቱ ግን ከአዲሱ ሥራዋ በየቀኑ ከስብሰባ በቀር ምንም ሳታይ ዝላ መመለሷን ስታማርር፣ ዕድላዊት ሳታስበው ጆሮዋን ሰጠች፤ ደስ እያላት። አኩርፎ መስማት ደግሞ ስለማይመች ኩርፊያው ቀረ።

አሁን ዕድላዊትን ሳር ቤት ያለ ሌላ ኩባንያ ለኢንተርቪው ጠርቷታል። ዱርሲቱ ከሥራ መልስ ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ እግሯን አጣምራ ተቀመጠችና እንደ ስንዱ ፈገግ አለች።

«ድክመትሽ ምንድን ነው?»

«ቂም እይዛለሁ።»

«ምሳሌ ልትሰጪን ትችያለሽ?»

«ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።»

«ጥሩ» አለች ዱርሲቱ፣ «ግን ሳትስቂ ንገሪያቸው።»