የጦረኛው ጉልበት

ሰው አሻንጉሊት ይለዋል፤ እኔ ፊገር እለዋለሁ። ጋሻና ጦር ይዞ ቀጥ ብሎ የሚቆም የፕላስቲክ ጦረኛ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዕንባቆም ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ሲሠራ እንዲህ ያሉትን እየሰበሰበ አልጋው ራስጌ ይደረድር ነበር። እዚያው ታሞ ሞቶ እዚያው ሲቀበር ሻንጣው ብቻ ወደ ከተማችን ወደ ሆሳዕና መጣ። እናቴ ልብሱን ለማየት አቅም አጣች፤ ጦረኛውን ግን አንስታ ሳሎን መደርደሪያው ላይ አቆመችው። ጠዋት ጠዋት በሻሿ ጫፍ አቧራውን ትጠርግለታለች። አንዳንዴ በሀዲይኛ ስታናግረው እሰማለሁ፤ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ።

ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ቤታችንን ቀለም ስንቀባ ዕቃው ሁሉ ወጣ። ጦረኛውን ቀለም እንዳይነካብኝ ብዬ ለጎረቤቴ ለሆሴዕ አደራ ሰጠሁት። ሆሴዕ አብሮ አደጌ ነው። በዕንባቆም ለቅሶ ድንኳኑን የተከለው፣ እኛ ቤት መሬት ላይ እየተኛ የከረመው እሱ ነው። ታዲያ ከእሱ ሌላ ለማን ልስጥ?

ሲመልስልኝ የጦረኛው ግራ ጉልበት ተጣሟል። መስኮት ላይ ረስቶት ፀሐይ እንዳጣመመው ነገረኝና ይቅርታ ጠየቀኝ። ጭራሽ እኔው አጽናናሁት፤ ፕላስቲክ ነው፣ ሙቅ ውሃ ያቃናዋል አልኩት። ቀለሙ ደመቅ ብሎብኝ ነበር። አጥቦት ይሆናል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ለሚያታልለኝ ሰው ጠበቃ የምቆምለት እኔው ነኝ።

ፊገር ማቃናት ዕንባቆም በስልክ አስተምሮኛል። በጉዞ የተጣመመ ሲደርሰው አይታገለውም ነበር። «ፕላስቲክ የተሠራበትን ቅርፅ አይረሳም፤» ይለኝ ነበር። «አሙቀው፣ ራሱ ይመለሳል።»

እናቴ ገበያ እንደወጣች ውሃ አፈላሁ፤ ጥቂት ሲበርድ ጦረኛውን እስከ ወገቡ ነከርኩት። ጉልበቱ ለሰለሰ፣ ግን አልተመለሰም። በጣቴ አቅንቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስከተው ጠነከረ፤ ቆመም። ቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ስለቀረው አስተካክላለሁ ብዬ እንደገና ሙቁ ውሃ ውስጥ ብመልሰው፣ ያቃናሁት ጉልበት ዓይኔ እያየ ቀስ ብሎ ታጠፈ። ይሄን ጦረኛ ፀሐይ አላጣመመውም፤ ከፋብሪካ ሲወጣም ጠማማ ነው። የወንድሜ ጦረኛ ደግሞ መደርደሪያችን ላይ ቀጥ ብሎ የኖረ ነው። እጄ ላይ ያለው ሌላ ነው።

ሆሴዕን ግቢው ውስጥ አገኘሁት። መጀመሪያ ካደኝ። የሙቅ ውሃውን ነገር ስነግረው ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ከሚሠራበት ከሀደሮ ከተማ ወደዚህ የሚያዛውረው ኃላፊ ከልጁ ጋር ሊጠይቀው መጥቶ ኖሯል። ልጁ ጦረኛውን አይቶ አለቀሰ፤ ሆሴዕም የኃላፊውን ፊት አይቶ ሰጠው። ከዚያ አዲስ አበባ ለሄደ ሰው ደውሎ ተመሳሳዩን አስመጣ። ሂድና አምጣው አልኩት። ዝውውሩ ገና አልተፈረመም አለኝ።

«አንድ ዓይነት እኮ ነው ሚክያስ፤» አለ። «እናትህ አላወቁም። አንተ ካልነገርካቸው አያውቁም።»

ያቺ ሴት ልጇን አፈር ሳታለብስ የቀረች ናት፤ ይሄንን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ብመታው በወደድኩ። ግን እውነቱን ብናገር የምመታው እናቴን ነው፤ እሱም ይህንኑ ቆጥሮ ነው የተቀመጠው። ቤት ገብቼ ጉልበቱን እንደገና አቃናሁ፣ አቀዘቀዝኩና ጦረኛውን አዲስ በተቀባው ግድግዳ ሥር አቆምኩት። እናቴ ከገበያ ስትመለስ አየችው፤ ሻሿንም ፈታች።

በእኛ ዘንድ ያሆዴ ሲደርስ ጎረቤት በጋራ በሬ ገዝቶ ያርዳል፤ ማኅበሩን ቱታ እንለዋለን። ቂም ይዞ ቱታ ላይ መቆም ነውር ስለሆነ፣ ቢላዋው ከመነሳቱ በፊት ሽማግሌው እያንዳንዱን ሰው ቂም እንዳለው ይጠይቃል። ያለበት ይናገራል፣ የበደለም ይክሳል። ዘንድሮ በሬው የታሰረው እኛ ግቢ ነበር። ሽማግሌያችን አቶ ማቴዎስ ሆሴዕን ሲጠይቁት፣ የለኝም ብሎ ትከሻዬን አቀፈኝ። እጁ ከበደኝ። ተራው የእኔ ነው፣ እናገራለሁ አልኩ በልቤ።

ይሄኔ እናቴ ቅቤ ይዛ ከቤት ወጣች። ቀጥ ብላ ወደ ሆሴዕ መጥታ ቅቤውን አናቱ ላይ አደረገችለት።

«የልጄን አደራ በደህና መለስክልኝ፤» አለችው። «ጌታ አንተን ከሄድክበት ሁሉ በደህና ይመልስህ።»

ሆሴዕ አንገቱን ደፍቶ፣ ከሁላችንም ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን» አለ።

አቶ ማቴዎስ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። እናቴም እጇን ከአናቱ ሳታነሳ ፈገግ ብላ አየችኝ።

«የለኝም፤» አልኩ።

በሬው ታረደ።