የተንጋደደው የጠፍር አልጋ

ኡስታዝ ዐወድ ልጁ የምትሞሸርበትን የጠፍር አልጋ ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥም ብሎ ራሱ ጠፈረው። አልጋው የሟች ሚስቱ ነው። አልጋው ቀይ ጨርቅ ለብሶ፣ እሷ ሽቶ እየተቀባች እሱም ከጎኗ ሆኖ የተሞሸሩት እዚሁ ላይ ነበር። ልጁ ሪሃብም ከእናቴ አልጋ በቀር ሌላ ላይ አልቀመጥም ካለች ቆይታለች።

ጠፍር እርጥቡን ካልተወጠረ እንደማይጠብቅ ያውቃል። ዳሩ ግን አንዱን ጥግ አጥብቆ ሌላውን አላልቶ የሱዳኗ ኦምዱርማን ፀሐይ ላይ ተወው። ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማተረና ያረጁትን መጋጠሚያዎች ጎተታቸው። በሠርጉ ዕለት ከሰዓት እህቱ ሐጃ በቱል ምንጣፍ ልታነጥፍ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ አልጋ ነው ወይስ ሊነሣ የሚታገል ግመል?"

"ምን ሆነ ደግሞ?"

"ተንጋዷል። በተንጋደደ አልጋ ሙሽራ አላስቀምጥም፤ ትዳሯም እንዲሁ ይንጋደድብኝ? የጎረቤት አስመጣለሁ።"

ኡስታዝ ዐወድ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ሜትሩን አምጥቶ ለካ።

"ይኸው፣ ቁመቱ ከቁመቱ እኩል፣ ወርዱ ከወርዱ እኩል። የተንጋደደውስ ዓይንሽ ነው፣ እቴ።"

ሪሃብ እጆቿ ሂና ስለተቀቡ እንደ ዶሮ ክንፍ ዘርግታቸው በሩ ላይ ቆማለች።

"አባ፣ የማሽላ አገዳዎቹን ረሳሃቸው እንዴ?"

አልረሳቸውም። ልጅ ሳለች ሬክታንግልና ፓራሌሎግራም እየተምታታባት ብታለቅስ፣ አራት አገዳ ቆርጦ ጫፍና ጫፋቸውን በክር አሰረላት። ሬክታንግሉን ገፋ ሲያደርጉት ይንጋደድና ፓራሌሎግራም ይሆናል። የጎኖቹ ርዝመት ግን ያው ነው፤ ትይዩነታቸውም አይጠፋም። አራቱንም አገዳ እኩል አድርጎ ሲቆርጥላት ደግሞ ካሬው ተንጋዶ ሮምበስ ይሆናል።

"ጎን ብቻ የለካ ገና አልለካም ትለኝ አልነበር?" አለች ሪሃብ። "በል ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ለካው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ አክስቴን ትቆጣታለህ።"

ለካ። አንዱ ከሌላው በስንዝር ያህል በለጠ። ሜትሩን መጠቅለል ያዘ።

"እህሳ?" አለች ሐጃ በቱል።

"ፓራሌሎግራም ነው።"

"እኔስ ምን አልኩ?"

ሪሃብ ሳቀች። "አገዳዎቹን እንዴት ነበር የምትመልሳቸው?"

"የራቁትን ማዕዘኖች በማቀራረብ፤" አለና ብድግ አለ።

በአልጋው ሥር ከሩቁ ማዕዘን ወደ ሩቁ ማዕዘን ገመድ ወጠረ፤ መሃሉ ላይ ዱላ ሰክቶ ያጠማዝዝ ጀመር። ሪሃብ በክርኗ ትገፋለች። አልጋው እየተንቋቋ ቀና አለ፤ ረጅሙ ሲያጥር አጭሩ ረዘመ። ሁለቱ ሲተካከሉ፣ ዱላው ተሽከርክሮ እንዳይመለስ በገመድ ጠፈረው። ሐጃ በቱል አልጋውን አንድ ጊዜ ዞረችውና ምንጣፉን፣ በላዩም ቀዩን ጨርቅ ዘረጋች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሪሃብ ከሙሽራው ጎን ተቀመጠች፤ ሴቶቹም መዝፈን ጀመሩ። አባቷ ሊመርቃት ጎንበስ ሲል በጆሮው አንሾካሾከችለት።

"ገመዱን ፈታኸው?"

"ብፈታው ተመልሶ ይንጋደዳል።"

"ዱላውስ?"

"ከሥርሽ ነው። እግርሽን አታወዛውዢ፣ ልጄ።"

ሪሃብ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ቢደምቅ፣ ከበሮው ቢጦፍ፣ እግሯን ንቅንቅ አላደረገችም።

"አየሽልኝ?" አለች ሐጃ በቱል አጠገቧ ላለችው ሴት። "እናቷን ቁርጥ። እንዲህ ያለች ጭምት ሙሽራ የት ይገኛል?"