የተበደለው የት አለ?

ሐሙስ ጠዋት ከፊልሙ ሃያ ሁለት ትዕይንቶች ሃያ አንዱ ተቀርጸው አልቀዋል። የቀረው የፍርድ ቤቱ ብቻ ነው። ፊልሙ ጋራዥ ሰብሮ ስለገባ ልጅ ሲሆን የጻፉትም የተወኑትም በአመክሮ ላይ ያሉ ስድስት ወጣቶች ናቸው። ሌባውን የሚጫወተው የአሥራ ስድስት ዓመቱ ኢታማር ከሰባት ወር በፊት ኪርያት ማታሎን በሚባለው ሰፈር የእውነት ጋራዥ ሰብሯል። ፊልሙ እስከ እሑድ ካልቀረበ የአመክሮ ሠራተኛዋ ታሊ በኢታማር ፋይል ላይ «አልጨረሰም» ብላ ትጽፋለች።

ዳኛ እንዲሆኑ የተጠሩት አባ ጎበዜ ናቸው፤ ጎንደር ሳሉ ብዙ የተጣላ ያስታረቁ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ። ጥቁር ካባ ለብሰው በኤን ጋኒም ሰፈር የወጣቶች መሰብሰቢያ በሆነው ሞአዶን አዳራሽ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። ልጆቹን የምትመራው መድሪካ ትዕግሥት ካሜራውን ከፈተች። አባ ጎበዜ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስምንት ወር እስራት።»

አላሉም።

«የተበደለው ሰው የት አለ?»

«ጽሑፉ ውስጥ የለም፣ አባ» አለች ትዕግሥት።

«እሱ ሳይኖር ምኑን እፈርዳለሁ?»

«አባ፣ ፊልም እኮ ነው!» አለ ፖሊሱን የሚጫወተው ልጅ፣ እንዳለ። «ስምንት ወር ይበሉና፣ ያላ፣ ምሳችንን እንብላ።»

«አንተ የፖሊስ ኮፍያ ደፍተህ ሆድህን ታስባለህ። እኔ ያንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ ፈርጄ አላውቅም። ለጨዋታም ቢሆን።»

ሦስት ጊዜ ተሞከረ፤ ሦስቴም ያው ሆነ። አዳራሹን ለመልቀቅ ሁለት ሰዓት ቀርቷል።

«ላምጣው?» አለ ኢታማር።

«ማንን?»

«ሞሼን። ባለጋራዡን።» ጋራዡን ከሰበረ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም፤ ዞሮ ነበር የሚሄደው።

«በመፍቻ ይፈነክትሃል» አለ እንዳለ።

«ይፈንክተኝ።»

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ሞሼ እጁ ግሪስ እንደሆነ ተከትሎት ገባና ገና ሳይቀመጥ በዕብራይስጥ ጠየቀ፦ «የጋራዤ ስም ፊልሙ ላይ ይታያል?» ትዕግሥት ተረጎመች፤ አባ ጎበዜ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሞሼም ተናገረ። የተሰበረውን መስኮት በሳምንቱ አስገጥሟል፤ ያስቸገረው እሱ አይደለም። ሌባ ይመለሳል ብሎ አሥራ አንድ ሌሊት ጋራዡ ውስጥ ወንበር ላይ አድሯል።

ኢታማር ለዚህ ያጠናው ቃል የለውም። ተነሣና ዝቅ ባለ ድምፅ በዕብራይስጥ ለሞሼ ተናገረ። ትዕግሥት ልትተረጉም ስትል አባ ጎበዜ በእጃቸው አስቆሟት፤ የልጁን ፊት እያዩ ነበር።

«አራት ዓርብ ጋራዡን ይጥረግ» አሉ በመጨረሻ። «ሞሼ፣ ይስማማሃል?»

«በሰደር» ብሎ ተስማማ ሞሼ ሲተረጎምለት። «መጥረጊያውን ግን ይዞ ይምጣ።»

ካሜራው እየቀረጸ ሁሉም ሳቁ፤ ኢታማርም።

ፊልሙ እሑድ ለታሊ ደረሰ፤ እሷም «ጨርሷል» ብላ ጻፈች። ኢታማር አራቱንም ዓርብ ጠረገ። በአምስተኛው ዓርብ ማንም ሳያዝዘው፣ ጋራዡ ሊከፈት አሥር ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።