የቀበርኳቸው አርባ አንድ ሊንኮች

ሰው የተሳሳተ ነገር አይቶ እንዴት ዝም ብሎ እንደሚያልፍ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ አልችልም። ከዳባት ደባርቅ በየቀኑ የምመላለስበት ሚኒባስ መስታወት ላይ አንድ ፊደል የጎደለው ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ሁለት ሳምንት ታገስኩና በሦስተኛው በእስክሪብቶ ሞላሁት። ረዳቱ ተቆጣኝ፤ እኔም ተቆጣሁት። አሁን ቦታ ይይዝልኛል።

እንግዲህ ይህን አመል ይዤ ነው የቡትሎደር ሰነድ ውስጥ የገባሁት። ቡትሎደር ማለት ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃ፣ ሌላውን ቀስቅሶ ራሱ ዞር የሚል ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ከተበላሸ ማሽኑ መብራት ያበራል እንጂ ሥራ አይጀምርም። እኔና ጋሽ ሀሚድ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቃቸው ስልክና ኮምፒውተር ስለምንጠግን፣ እንዲህ ዓይነት በሽታ የያዛቸው አሮጌ ላፕቶፖች ይመጡልናል። ካቻምና አንዱ ሁለት ቀን ሙሉ አንገላታኝ። የቡትሎደሩን ሰነድ፣ ማለትም መመሪያውን፣ የሚጽፉት ያለ ክፍያ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ማንም አንብቦ ማረም ይችላል። ሰነዱ «ዝርዝሩን እዚህ ተመልከት» ብሎ የላከኝ ገጽ ግን ከጠፋ ዓመታት አልፈውት ነበር። እንዴት እንደተናደድኩ! መፍትሔውን በራሴ መንገድ ሳገኘው ሊንኩን አርሜ፣ እግረ መንገዴንም ሦስት የፊደል ግድፈት አስተካክዬ ላክሁላቸው። በማግስቱ «አመሰግናለሁ፣ ተቀብያለሁ» የሚል መልስ መጣ።

የጻፈልኝ ቶማሽ የሚባል የሰነዱ ኃላፊ ነው። የት አገር እንደሚኖር እንኳ በደንብ አላውቅም፤ ብቻ እኔ ምሳ ስበላ እሱ ቁርሱን ይበላል። ከዚያ ወዲህ አልተውኳቸውም። ሁለቴ የተጻፈ ቃል፣ የጎደለ ነጥብ፣ ያረጀ ሊንክ ባገኘሁ ቁጥር አርሜ እልካለሁ፤ ቶማሽ አንድ በአንድ አይቶ ያስገባል። ዘንድሮ በሚያዝያ ታዲያ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ዘቢደር፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቁልፉን ልሰጥሽ አስቤያለሁ።» ቁልፍ የሚሉት ፈቃዱን ነው። እሱ የተሰጠው ሰው እርማቱን ማንም ሳያይለት በቀጥታ ያስገባል።

ይህ ምኑ ያስደስታል ትሉ ይሆናል። ጎንደር ኮምፒውተር ተምሬ ስመረቅ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። እዚያ የጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ሦስት ሰው ሳይፈርምበት አይወጣም፤ ሦስቱም ሳያነቡ ነበር የሚፈርሙት። በዓመቴ ጥዬ ወጣሁ። ሰው ሳይቆምብኝ የምሠራው አንድ ነገር እንዲኖረኝ እፈልግ ነበር፤ ያ ቁልፍ ደግሞ እሱ ነው። ለእናቴ እንኳ ነገርኳት። «የማን ቤት ቁልፍ ነው?» አለችኝ። አስረዳኋት፤ ደመወዝ የለውም ስላት ግን ፊቷን አዞረች።

ቁልፉ ከመምጣቱ በፊት አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቼ ላሳየው ብዬ ተነሣሁ። ሰነዱ ውስጥ ስድሳ ሦስት ሊንክ አለ። ሁሉንም በየተራ እያንኳኳ የሚከፈተውንና የማይከፈተውን ለይቶ የሚነግረኝ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩና በሱቁ ትልቁ ማሽን ላይ አስኬድኩት። አርባ ሦስቱ ሞተዋል አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በስልኬ ሞከርኳቸው፤ እውነትም የሉም። ከዚያ ወዲያ አመንኩት። እንዲያውም ደስ አለኝ። ስንት የተማረ ሰው ሲያልፍባቸው የኖሩ አርባ ሦስት ሬሳዎች፣ ያገኘኋቸው እኔ! ሁሉንም ከሰነዱ አውጥቼ፣ ሥራውን እንደ ሁልጊዜው ወደ ስልኬ ገልብጬ ላክሁ። ቶማሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተቀበለው።

በዘጠነኛው ቀን አንድ የማላውቀው ሰው አቤቱታ ጻፈ። «እነዚህን ሊንኮች ማን ነው ያነሣቸው? እኔ ጋ ሁሉም ይሠራሉ» ይላል። ደሜ ፈላ። ፕሮግራሙን እንደገና አስኬድኩት፤ አርባ ሦስቱም እንደሞቱ ናቸው። «ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ» ብዬ መለስኩለት፤ እሱም አልበቃኝ ብሎ «ምናልባት ያንተ ማሽን ያስቀመጠውን የድሮ ገጽ እያሳየህ ይሆናል፤ እስኪ አጽድተህ ሞክር» ብዬ አስተማርኩት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ማታ ወደ ዳባት ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ፣ የሰውየውን ስህተት በማስረጃ ላሳየው ብዬ አንዱን ሊንክ በስልኬ ነካሁት። ተከፈተ። ሌላውን ነካሁ፤ ተከፈተ። ሦስተኛው ትንሽ አዘገመና እሱም ተከፈተ። ዳባት ስንደርስ አሥራ አንድ ከፍቻለሁ፤ ረዳቱ «አንቺ፣ ዛሬ ጎንደር ልታድሪ ነው?» እያለ ባይጮህብኝ መውረጃዬን አልፌው ነበር። ቤት ገብቼ የቀሩትን ሞከርኩ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በስተቀር አርባ አንዱም በሕይወት አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ስገባ ያው የተለመደውን አደረግሁ። ትልቁ ማሽን የውስጥ ባትሪው ስለሞተ በተነሣ ቁጥር ቀኑን ይጠይቃል። እኔም በየጠዋቱ እሞላለታለሁ። ወር ዘጠኝ፣ ቀን አሥራ ሦስት፣ ዓመት 2017 ብዬ ጻፍኩና እጄ ቀጥ አለ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ለደንበኛ የምንሰጠው ደረሰኝ ከዚያ ማሽን ነው የሚታተመው። ዋሴ የሚባል የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ አዲ አርቃይ ጭነት የሚያደርስ የአይሱዙ ሹፌር አለ። አንድ ጊዜ የፈረንጅ ቀን ያለበት ደረሰኝ ብንሰጠው «እኔ በዚህ ቀን አልመጣሁም፣ ይህ የሌላ ሰው ስልክ ነው» ብሎ ሱቁን ቀውጢ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሀሚድ ሕግ አወጡ፤ ማሽኑ የኛን ቀን ይያዝ። ያዘም። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን፣ ጳጉሜንንም ሙሉ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ እምቢ ስለሚለን፣ በእነዚያ ቀኖች ደረሰኙን በእጃችን እንጽፋለን። ሦስት ዓመት እንዲህ ስለኖርኩ ነገሩ ዓይኔ ውስጥ መግባቱን ትቷል።

ሊንኮቹ ግን አልተዉትም። የዛሬ ዘመን ድረ ገጽ ሲከፈት መታወቂያውን ያሳያል፤ መታወቂያው ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፏል። ዘንድሮ የተሰጠውን መታወቂያ የኛ ማሽን ያየውና፣ እሱ ያለው በ2017 ስለሆነ፣ «ይህ ገና ያልተሰጠ ነው፣ የውሸት ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። በነሱ አቆጣጠር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቆሞ ነዋ! የተረፉት ሃያዎቹ መታወቂያ የማይጠየቁ የድሮ ዓይነት ገጾች ናቸው። እኔም ይህን ይዤ ሰው አስተምሬያለሁ።

«ጋሼ፣ አዋረዱኝ!» አልኳቸው ጋሽ ሀሚድን፣ ገና ከበር ሲገቡ።

«ደሞ እኔ ምን አደረግሁ?»

ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ጠረጴዛውን ይዘው ሳቁ። ዋሴም የስልኩ ቻርጅ መሰኪያ እስኪቀየርለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል።

«ምን ያንጨረጭርሻል?» አለኝ። «ኔትወርክ ነበር በያቸው። የኛ አገር ኔትወርክ እንዴት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ማን ደባርቅ ድረስ መጥቶ ሊያጣራ ነው?»

«አንተ ዝም በል፤ ይህ ሁሉ የመጣው ካንተ ደረሰኝ ነው!»

«የዋሴ ምክርስ ያስኬዳል» አሉ ጋሽ ሀሚድ እንባቸውን እየጠረጉ። «ያሻሽን በይ የኔ ልጅ። ቀኑን ግን አልቀይርም፣ ከዋሴ ጋር ሁለተኛ አልጣላም።»

እውነቱን ልናገር፣ የዋሴ ምክር ጣመኝ። «ይቅርታ፣ ኔትወርክ ተቋርጦብኝ ነበር» ማለት አንድ መስመር ነው፤ ያምኑኛል፣ ያዝኑልኝማል፣ ቁልፉም በቀጠሮው ይመጣል። ጻፍኩትም። ሳነበው ግን ሆዴ እምቢ አለ። ቁልፉን የፈለግኩት ማንም እንዳይቆምብኝ ብዬ ነው፤ በዚህ ዓይነት ካገኘሁት የዋሸሁት ነገር መቼ ይወጣ ይሆን እያልኩ ስባንን ልኖር ነው። አጠፋሁት።

ከዚያም ሁሉ ሰው በሚያየው ቦታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አርባ አንዱ ሊንክ ደህና ነው። የሞተው የሱቃችን ማሽን ባትሪ ነው። እኛ አገር ዘንድሮ 2017 ነው፤ እኔም ማሽኑን በራሴ እጅ በየጠዋቱ 2017 ላይ አስቀምጠው ነበር። ገጾቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ሁለቱን ብቻ አረጋግጬ ሌላውን በግምት ቀበርኩ።» አቤቱታ ላቀረበው ሰውም ለብቻው ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ያስተማርኩትን ትምህርት እንዲመልስልኝ ጭምር። ስለ ቁልፉ አንድም ቃል አላነሣሁም። ኩራቴ አልፈቀደም።

ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በእነዚያ ሁለት ቀናት የአንድ ሽማግሌ ስልክ ሁለቴ ፈትቼ ሁለቴ ገጠምኩ፤ ከረዳቱም ጋር በከንቱ ተጣላሁ። ጋሽ ሀሚድ ሳይጠይቁኝ ሻይ ያዙልኝ ነበር።

መልሱ የመጣው ቅዳሜ ነው፤ ገበያተኛው በደጃችን ከነአህያው ሲተራመስ።

«ዘቢደር፣» ይላል ቶማሽ፣ «ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ከአርባ ሦስቱ አንዱንም አልከፈትኩም። የላክሽው አንቺ ስለሆንሽ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። እናንተ ጋ ዘንድሮ 2017 ከሆነ ደግሞ እኔ ገና አርባ ዓመት አልሞላኝም፤ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ቁልፉን ልኬልሻለሁ። አርባ አንዱን ራስሽ መልሻቸው። አሁንም አላይም።»

ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩላቸው። ጋሽ ሀሚድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። እኔ የመጨረሻዋን መስመር ብቻዬን መልሼ አየኋት። ስፈልገው የኖርኩት ነገር እጄ ላይ ነበር፤ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁ።

ትልቁን ማሽን ለደረሰኙ ትቼ ስልኬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ከፈትኩ፣ ገጹን እስከ ታች አነበብኩ፣ ወደ ቦታው መለስኩት። ዋሴ መጥቶ «የኔ ስልክ አልደረሰም?» ሲለኝ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ቁጭ አለ። ለቶማሽ በምልክበት ጊዜ አንድ ጊዜ ባየው ይበቃኝ ነበር፤ ያመለጠኝን እሱ ያየዋል እል ነበር። አሁን የሚያይ የለም። አርባ አንዱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ከፈትኳቸው።