ያልተፈታው ስክረም

ይርዳው ገበየሁ ጫማውን ሊሰቅል በተጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ ላይ የገባበት ስክረም አልፈታ አለ። ስክረም ማለት በራግቢ ከአንዱ ቡድን ስምንት፣ ከሌላው ስምንት ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ፣ ራስ ከራስ ተቆላልፎ የሚገፋፋበት ነው። ዳኛው ሲነፋ ይፈታል። ያን ቅዳሜ ዳኛው ነፋ፤ አልተፈታም። ደግሞ ነፋ። ከዚያ ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

መጀመሪያ ሰው ትንሽ ተገረመ፤ ሰኞ ግን ለመደው። የክለቡ ሰዎች ሸራ ወጠሩላቸው፣ በየጀርባቸው ላይ የቢራ ማስታወቂያ ለጠፉ። ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር እየመጡ ጎበኟቸው። አንድ ጋዜጠኛ በሆዱ ተኝቶ ማይክሮፎኑን በተጫዋቾቹ እግሮች መሀል አሾለከና "ስሜቱን እንዴት ይገልጹታል?" ሲል ይርዳውን ጠየቀው።

"አንገቴን አሞኛል፤ አውጡኝ" አለ ይርዳው።

ምሽት ላይ ከሜዳው ዘበኛ ሬዲዮ የሰማው ግን "ለደጋፊዎቻችን ክብር ስንል እንገፋለን" የሚል ነበር። ድምፁ የራሱ ነው። እንዲያውም ጋዜጠኛው ከማይክሮፎኑ የሰማው ይህንኑ ነበር። ከስክረሙ ውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣው ንግግር መንገድ ላይ ተለውጦ ነበር የሚደርሰው፤ አንዳንድ ቀን ብቻ ሳይለወጥ ያልፋል። ይርዳው ተናደደ።

ንዴቱ የዚያን ሳምንት ብቻ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራው ፊት መስመር ላይ አንገቱን ሰጥቶ መግፋት ነበር። ኳሷን ይዘው የሚሮጡት፣ የሚጨበጨብላቸው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ፎቶ የሚነሱት ከኋላ ያሉት ናቸው። ከተማው የይርዳውን ፊት ያወቀው አንድ ጊዜ ብቻ፣ የጉልበት ቅባት ሲያስተዋውቅ ነው። አደባባዩ ላይ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቀለ። የእሱ ጉልበት ተቀዶ ተሰፍቶ፣ ተቀዶ ተሰፍቶ የተንጋደደ ስለነበር ፎቶ አንሺው "ይሄማ ቅባቱን ያስጠላል" አለና የሌላ ሰው ጉልበት ቀጠለለት። የተቀጠለው ጉልበት ያኔ የቡድኑ ባልደረባ የነበረው የምንይችል ነው፤ ለስላሳ ሆኖ ከላዩ ማርያም የሳመችው ጥቁር ምልክት አለበት። ይርዳው ያን ዕለትም ተናዶ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከዚያ ወዲያ ቁምጣ ለብሶ አያውቅም።

ምንይችል በኋላ ሌላ ክለብ ገባ። አሁን በስክረሙ ፊት ለፊት የተቆላለፈው ከእሱ ጋር ነው።

"ልጅህ መቼ ነው የምታገባው?" አለው ምንይችል፣ አፉ ከጆሮው ሥር ሆኖ።

"እሁድ።"

"እንኳን ደስ ያለህ።"

"ደስ እንዲለኝ ልቀቀኛ።"

"እኔ መች ያዝኩህ" አለ ምንይችል። እውነቱን ነው፤ ማንም ማንንም አልያዘም ነበር። አልላቀቅ አሉ እንጂ።

የይርዳው ሚስት እልፍነሽ ሽማግሌ ላከች። ሦስት ሆነው መጡ፤ ሣሩ ላይ ወንበር ቀርቦላቸው ተቀመጡ። ተናጋሪው ጋሽ ዘርጋው ነበሩ።

"ለመሆኑ ምን አጣላችሁ?"

"አልተጣላንም ጋሼ" አለ ይርዳው። ይሄኛው ሳይለወጥ ደረሰ።

"ያልተጣላ ሰው እንዲህ አይያያዝም። በሉ ይቅር ተባባሉ።"

አሥራ ስድስቱም ይቅር ተባባሉ። ጠብ ያልነበራቸው ባዶ እጃቸውን ላለመታረቅ እዚያው ተጣልተው ታረቁ። ስክረሙ ይባስ ጠበቀ።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው መከሩና ተመለሱ። "ሙሽራ ጉልበቱን ስትስመው ጎንበስ ብሎ የሚቀር አባት የለም" አሉ ጋሽ ዘርጋው። "ቀና ይላል፣ ያነሳታል፣ ይመርቃታል። ይህ ከእናንተ ጨዋታ በፊት የነበረ ሥርዓት ነው። እሁድ ልጅቷን አምጧት።"

ይርዳው በነገሩ አመነ። እስከ እሁድ ድረስ የምርቃቱን ቃል በልቡ ሲደግመው ሰነበተ።

እሁድ መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሜዳው ድረስ ገቡ። ሙሽራዋ ሶስና በነጭ ቬሎዋ ወርዳ ከስክረሙ አጠገብ ተንበረከከች። እግር ሁሉ እስከ ቁምጣው በጭቃ ተለቅልቆ ማን የማን እንደሆነ አይለይም።

"የአባትሽን ጉልበት ታውቂዋለሽ ልጄ?" አሏት ጋሽ ዘርጋው።

"እንዴት አላውቀውም፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ስመለስ እያየሁት ነው ያደግኩት።"

ይርዳው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ልጅቱ በልምምድ ካምፕና በጉዞ የጠፋ አባቷን ሰሌዳው ላይ ነበር ጠዋት ጠዋት ሰላም የምትለው። ነጩ የቀሚስ ጠርዝ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሄድ ቁልቁል ያየዋል። ከእሱ ዘንድ ደረሰች። በመሐረቧ ጭቃውን ከጉልበቱ ላይ ጠረገች። የተሰፋውን፣ የተንጋደደውን አየች። እጇ ቆም አለ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችው። "አባቴን ፈልጌ ነው።"

"ሶሲ፣ እኔ ነኝ" ብሎ ጮኸ።

"ለደጋፊዎቻችን ክብር ስንል እንገፋለን" የሚል ድምፅ ወጣ። ሰርገኛው አጨበጨበ። እሷም በትህትና አንገቷን ሰበር አድርጋ አለፈች።

የምንይችልን ጉልበት ጠረገች። ማርያም የሳመችው ምልክት ብቅ አለ። ሶስና እንባዋ መጣና ሳመችው።

"ምን ላድርግ?" አለ ምንይችል በሹክሹክታ።

"እንዳትነሳ።"

"ጉልበቴን ስማኝ እንዴት አልነሳም?"

"ምንይችል፣ እንዳትነሳ ብዬሃለሁ።"

"ነውር ነው ይርዳው" አለና ከወንበር እንደሚነሳ ሰው ቀና አለ። ልጅቷን አነሳት፤ ሁለት ጉንጯን ሳመ። "ወልደሽ ሳሚ፣ ቤትሽ ይሙላ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ" ብሎ መረቃት። ይርዳው ያዘጋጀው ቃል አንድም ሳይቀር ያው ነበር። እልፍነሽ ቀረብ ብላ ምንይችልን አየችው፤ የማልያውን አንገት አስተካከለችለትና "ከስተሃል እኮ" አለችው። ከዚያ እልል ተባለ። ምንይችል፣ እልፍነሽና ሶስና አንድ መኪና ውስጥ ገቡ። ጋሽ ዘርጋው ሥርዓት እንደማይሸነፍ ለጓደኞቻቸው እያስረዱ ወጡ።

ሜዳው ጭር ሲል ይርዳው በተከፈተለት በኩል ወደ ፊት ማየት ቻለ። ሌሎቹ እንደተያያዙ ናቸው፤ ምንይችል የነበረበት ቦታ ግን ባዶ ነው፤ በዚያ በኩል ሣሩና የወደቀ መሐረብ ይታያል። ይርዳው በሃያ ዓመት ያልተናገረውን ንዴት ሁሉ ትከሻው ላይ አድርጎ ገፋ። ባዶው ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ባዶው ቦታ ራሱ እግሩን ሣሩ ላይ ተከለና ይርዳውን መልሶ ገፋው።