የኡየን ጥያቄ

ታናሽ እህቴ ኡየን ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ነው የምታጠናው። እኔ ቱንግ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔም ትምህርት ቤቱም ተሰለቻችተን ተለያይተናል። አሁን ሃኖይ ውስጥ በሞተር ሰው አመላልሳለሁ።

የዘንድሮ አስተማሪዋ ፈተና የለም አለቻቸው። «ርዕሱን ራሳችሁ ምረጡ፣ ራሳችሁ ሥሩ፣ ፊልም ቀርጻችሁ ቤተሰብ ባለበት አሳዩ።» ኡየን የመረጠችው መሃል ከተማ ያለው ሐይቅ ዳር የሚዞሩትን ፈረንጆች «ከቤታችሁ ምን ናፈቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ችግሩ፣ ፈረንጅ ስታይ እንግሊዝኛው ይጠፋባታል።

እሁድ ወሰድኳት። ጓደኛዋ በስልክ ትቀርጻለች። ኡየን ማይኩን ወደ አንድ ረጅም ሰውዬ ዘርግታ አፏን ስትከፍት፣ ዘልዬ ገባሁ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «ዕድሜህ ስንት ነው? ሚስት አለህ? ለምን የለህም?» ሰውዬው በሳቅ ሞተ።

«ጋሼ፣ ተወኝ እንጂ!»

«ዝም በይ፣ ማርክ እየሰበሰብኩልሽ ነው!»

እኛ ቤት ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም ነው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋልን።

የማሳያው ቀን እማዬ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ጉብ አለች። ፊልሙ ሲጀመር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ኡየን መቼ ነው የምትናገረው?»

«ትንሽ ቆይ፣ እማ።»

ቆየን። ያኔ ነው የታየኝ። የኡየን አፍ ይከፈታል፣ የእኔ ድምፅ ይወጣል። እንደገና ይከፈታል፣ እንደገና እኔ።

ፊልሙ አለቀ። አስተማሪዋ ቀስ ብላ፣ «ኡየን፣ ጥያቄሽ ምን ነበር?»

«አልጠየቅኩትም፣ መምህር።»

«ወንድሟ ይመረቅላት!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሳቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፉን አስዘጋው ነበር። አሁን ግን ዞር ብዬም አላየሁት። እማዬ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ትደባብሳለች፣ ቀና አትልም። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

አስተማሪዋ አንድ ሳምንት ጨመረችላት።

እሁድ ሐይቁ ጋ ከሞተሬ ስትወርድ፣ «እዚሁ ቁም፣ ንቅንቅ እንዳትል» አለችኝ። ቆምኩ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ፊት ሄዳ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ዞራ አየችኝ።

እግሬ ሊሄድ ብሎ ነበር። ፊቴን ወደ ዛፉ አዞርኩ።

ቅጠሎቹን መቁጠር ጀመርኩ። ቆይቶ ከኋላዬ አንድ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ «ከቤትዎ...» አለ። ቀሪውን ልስማ ብዬ አልተጠጋሁም።