ኮምቦልቻ ከሜኑው የወጣበት ቀን

ልጄ አቢጌል ኮምቦልቻ ሥራ አግኝታ ስትወርድ ኮምፒውተሯን ለእኔ ተወችልኝ።

«እማ፣ ሜኑውን እንደሚመችሽ አስተካክይው። ስሙንም ቦታውንም መቀየር ትችያለሽ። ስድስት ሰዓት ላይ በቪዲዮ እደውላለሁ።»

«ሚኒባሱ ከደረሰ ነዋ።»

«እማ!» ብላኝ ሄደች።

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈራችን ላይ ጉም ወርዶ ነበር፤ የጎረቤት ቆርቆሮ እንኳ አይታይም። የሚበራው ስክሪኑ ብቻ ነው። ሜኑውን ከፍቼ የፕሮግራሞቹን ስም ሳነሳና ስጥል፣ ሳላስበው ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የቁልቁለቱን መንገድ ሠራሁ። መጻፊያውን ከላይ አድርጌ «ደሴ» አልኩት። መዝሙር የምሰማበትን ከሥሩ፣ በመንገዱ መሃል ባለው ጠመዝማዛ ስም «ሐረጎ» ብዬ ሰየምኩት። የቪዲዮ መደወያውን ከሁሉም በታች፣ ሙቀቱ ዘንድ አወረድኩና «ኮምቦልቻ» አልኩት። ማውዙን ስገፋ ቀስቷ እንደ ሚኒባስ በጉሙ ውስጥ እየተጠማዘዘች ትወርዳለች። ውስጧ ልጄ መስታወቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እንዳትነቃ «ቀስ፣ ቀስ» እያልኩ ነዳኋት።

«ደግሞ ምን ትነጃለሽ?» አለች ጎረቤቴ ዙበይዳ፣ በሩን ገፋ አድርጋ።

«ሐረጎ ላይ ፍሬኑ እምቢ ቢልስ?»

«ወላሂ አንቺ ሴትዮ! ልጅቱ ገና መነኸሪያ ሳትደርስ ገለበጥሻት!»

ጣቴ አመለጠኝ። «ከሜኑው አውጣ» የሚለውን ተጭኜ ኖሮ «ኮምቦልቻ» ጠፋ። መንገዱ ሐረጎ ላይ ቀረ።

«ዙበይዳ፣ ልጄ የምትደውልበትን አጠፋሁት!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዱዓ አድርጊ።»

እጄን ስክሪኑ ላይ ጭኜ ጸለይኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ አለፈም። ጉሙ ቤት ድረስ የገባ መሰለኝ፤ በውስጡ ማንም አይጠራም።

ድንገት ኮምፒውተሩ ጮኸ። ዙበይዳ እየሳቀች አረንጓዴውን ስትጫን የልጄ ፊት ወጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«እማ፣ ምን ያስለቅስሻል?»

«መደወያውን አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«ከሜኑው ብታወጪው ፕሮግራሙ አይጠፋም። ቤቱ አለ፣ ታፔላው ነው የወደቀው። ነይ፣ እንመልሰው።»

እየነገረችኝ መለስኩት።

«እስቲ አሁን አንብቢልኝ።»

«ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎ።»

«እማ! ሐረጎ ከኮምቦልቻ በታች? እንዲህ ያለ መንገድ የት አለ?»

«ዝም በይ አንቺ» አልኳት። «ስትመለሺ በዚህ ነው የምትመጪው፣ ሐረጎን ሳትነኪ።»